«በማግስቱ ንጹህ ነህ» ላለን ጽሑፍ፣ ከደብረ ብርሃን የተላከ መልስ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ሐሺሽ ሰውነት ውስጥ ስንት ጊዜ ይቆያል የሚል። ለእኔ የላከልኝ የአክስቴ ልጅ ነው፤ ከሥሩም «አንብበውማ፣ አንተ ስታካብድ ነው የኖርከው» ብሎ ጽፎበታል። አነበብኩት። የምሠራው ደብረ ብርሃን ከተማ፣ በአንዲት የግል ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። የሰው ሽንት በኩባያ ተቀብዬ ነው እንጀራዬን የምበላው። ታዲያ ጽሑፉ የገባው እኔው ጓሮ ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ይኸው። ሐሺሽ ሲጨስ ስሜቱ በ2 ሰዓት ይበርዳል፣ ከዚያ በኋላ መኪና ብትነዳም ምንም አትሆንም ይላል። ሲበላ ደግሞ ሆድ ስለሚያላላው ከሚጨሰው ይቀላል። በ24 ሰዓት ውስጥ እንደ አረቄ ተጠርጎ ይወጣል፤ በማግስቱ ንጹህ ነህ። በምርመራ ከተገኘብህ ግን ገና አልበረደልህም ማለት ነው። ከቸኮልክ ውሃ በገፍ ጠጣ፣ ፌጦ በሎሚ ውሰድ፣ ቆላ ወርደህ ላብህን አውጣ። ሱስ የሚባል ነገር የለውም። ለማንኛውም ጥንት አባቶቻችንም ያጨሱት ነበር። ይኸው ነው፤ ከዚህ ውጪ ያለው ማጣፈጫ ነው።

ሁሉም ውሸት ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር፤ ሰው ቶሎ ይነቃበታል። ይሄ ግን እየዘለለ እውነት ይናገራል። ጸሐፊው የሳቱት ዋናው ነገር አንድ ነው፦ ሦስት የተለያዩ ጊዜዎችን አንድ አድርገው ቆጥረዋል። ሰውየው «ጦዣለሁ» የሚልበት ጊዜ አለ። «በርዶልኛል» ካለ በኋላ እጁና ልቡ ወደ ቦታቸው እስኪመለሱ የሚያልፍ ሌላ ጊዜ አለ። ሽንቱ ውስጥ ምልክቱ የሚገኝበት ጊዜ ደግሞ ለብቻው ነው፤ ይሄኛው ከሁለቱ ጋር ዝምድናው የሩቅ ነው። እነዚህን ሳትለይ የምትጽፈው ቁጥር ሁሉ የሆነ ሰው ላይ ይፈርዳል።

ወደ ነጥቦቹ ልግባ።

«ስሜቱ በ2 ሰዓት ይበርዳል፣ ከዚያ መንዳት ይቻላል።» የጨሰ ሐሺሽ በደቂቃዎች ውስጥ ይሰማል። ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል፤ መንገዱ አጭር ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጫፍ ላይ ይደርስና መውረድ ይጀምራል፣ ለብዙ ሰው ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ዋናው ስሜት ያልፋል። ስለዚህ 2 የምትለዋ ቁጥር ከባዶ የመጣች አይደለችም። ጸሐፊው ግን ትንሿን ጫፍ ይዘው ሮጡ። ልማዱ የሌለው፣ አብዝቶ የሳበ፣ ወይም ጠንካራው የገጠመው ሰው ከዚያም በላይ ሊቆይበት ይችላል።

ደሜ የፈላው መንዳቱ ላይ ነው። እዚህ አገር ቁጭ ብሎ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሰው ጣርማ በርን አያውቅም ወይም እያወቀ ረስቷል። ከደብረ ብርሃን ተነስተህ ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ጣልያን ያስቆፈረው ዋሻ ጋ ጉሙ ቆሞ ይጠብቅሃል። ክረምት ከሆነ የሚታይህ የፊተኛው መኪና የኋላ መብራት ብቻ ነው፣ እሱም ብቅ ጥልቅ እያለ። ከዋሻው እንደወጣህ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ኩርባ፣ ከዚያ ኩርባ፣ ከዚያ ደግሞ ከታች ጭኖ እያቃሰተ የሚወጣ ኤፍ ኤስ አር መሀል መንገዱን ይዞ። በከባድ ማርሽ ይዘህ ካልወረድክ ፍሬኑ ይግላል፣ ከጋለ በኋላ ደግሞ ብትረግጠውም አይሰማህም። አንዴ ከአንድ ሹፌር ጎን ተቀምጬ ስወርድ ሰውየው ገና ዋሻው ጋ ሳንደርስ ወሬውን አቆመ። ሬዲዮውን ዘጋ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ብርዱን አስገባ። ደብረ ሲና ገብተን እስክንቆም አንድ ቃል አልተናገረም፤ ከዚያ ወርዶ ሻይ አዘዘና «አሁን አውራ» አለኝ። ምንም ያልወሰደ፣ ሌሊቱን ሙሉ የተኛ ሹፌር ነው እንዲህ የሚሆነው።

በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ ስታንፎርድ ላይ፣ 10 አብራሪዎችን አንዳንድ ሲጋራ ሐሺሽ አጭሰው በማስመሰያ መሣሪያ ላይ አውሮፕላን እንዲያሳርፉ አደረጓቸው። ሲጋራዋ 19 ሚሊግራም ቲ ኤች ሲ ነበረባት፤ ቲ ኤች ሲ ማለት የሚያጦዘው ንጥረ ነገር ነው። በ24ኛው ሰዓትም ደግመው ፈተኗቸው። ከመሀል መስመሩ እየራቁ ነበር የሚያርፉት። ራሳቸውን ሲጠየቁ ግን ደህና ነን ነው የሚሉት። ይሄ ትንሽ ጥናት ነው፣ 10 ሰው ነው፣ እስከ ማግስቱ የሚዘልቅ ነገር ያላገኙ ጥናቶችም አሉ። ኋላ ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ለመንዳት የሚያስፈልገው ንቃትና ቅልጥፍና መካከለኛ መጠን ካጨሱ በኋላ ባብዛኛው ከ5 እስከ 7 ሰዓት ውስጥ ይመለሳል፣ ከበሉት ግን ከዚያ ይረዝማል። በጣም ለዘብ ያለውን ቁጥር ብንወስድ እንኳ 2 ሰዓት የትም የለም። እኔን የያዘኝ ግን ያቺ የአብራሪዎቹ «ደህና ነን» ናት። በርዶልኛል የሚለው ራሱ ሰውየው ነው፣ የሚሳሳተውም እዚያው ላይ ነው።

ጽሑፉ ያለፈው ሌላም አለ። እኛ ጋ ሐሺሽ ብቻውን የሚመጣው ስንቴ ነው? ቀን ጫት ተቅሞ፣ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይባልና ቢራ ወይም አረቄ ይገባል፣ በመሀል ያቺ ነገር ትዞራለች። አልኮል አብሮ ሲኖር ደም ውስጥ የሚገኘው የቲ ኤች ሲ መጠን ከፍ እንደሚል በሙከራ ታይቷል። ስለዚህ ብቻውን ለወሰደ ሰው የተጻፈ ሰዓት ለዚህ ሰው አይሠራም።

«ሲበላ ይቀላል።» እዚህ ላይ ያ ጽሑፉን የላከልኝ የአክስቴ ልጅ ይምጣልኝ። ስሙን ካልጠራሁ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል።

ዓምና አዲስ አበባ ጓደኞቹ ጋ ሰንብቶ ሲመለስ ሐሺሽ ገብቶበት የተጋገረ ኬክ በሶፍት ጠቅልለው ሰጡት። ሁለት ቁራሽ። ላምበረት መናኸሪያ መኪናው እስኪሞላ አንዷን በላ። መኪናው ሞልቶ ተነሳ። ለገጣፎ አለፈ፣ ሰንዳፋ አለፈ፣ ምንም የለም። አለልቱ ሲደርስ «ሸውደውኛል» ብሎ ሁለተኛዋንም ጎረሳት። ሸኖ ላይ የፊተኛዋ ደረሰች። ጫጫ ላይ ሁለተኛዋ ተከተለች። ልቡ ከበሮ ሆነ። የረዳቱ ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ መሰለው። ከጎኑ ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ቆሎ እየቆረጠሙ ነበር፣ የቆሎው ድምፅ ብቻ ጆሮውን ሞላው። በመጨረሻ ከመቀመጫው ተነስቶ ሜዳ ላይ «ወራጅ አለ!» አለ። ረዳቱ ዞር ብሎ በመስኮት ሜዳውን አየ፣ ከዚያ እሱን አየ። «እዚህ ማን አለህ ወንድሜ? ደብረ ብርሃን እኮ ደረስን።» ባለ ጋቢው አባት እጁን ይዘው «ልጄ፣ ተቀመጥ፣ አይዞህ» ብለው አስቀመጡት፣ ከቆሎውም እፍኝ ሰጡት። እስካሁን ሲያወራው እሳቸውን ይመርቃል።

ቤት ሲደርስ አክስቴ ፊቱን አየችና ቡዳ በልቶታል ብላ ጠበል ፍለጋ ተነሳች። መንገድ ላይ ሆና ደወለችልኝ። ስደርስ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ጥግ ላይ ተቀምጧል። የልብ ምቱን ቆጠርኩ፣ በደቂቃ 130 ነበር። «እሞታለሁ?» አለኝ። አትሞትም አልኩት። ይህን ያልኩት ለማጽናናት ብቻ አልነበረም። ትንፋሽን የሚያዘው የአንጎል ሥር አካባቢ ቲ ኤች ሲ የሚይዛቸው መቀበያዎች ጥቂት ስለሆኑ እንደ ሞርፊን ዓይነቱ ትንፋሽ አያቋርጥም። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ቢሆን ግን እንዲያ ደፍሬ አልናገርም ነበር፤ ወደ ሐኪም ነበር የምሮጠው። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ የጀመረው ነገር ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ አለቀቀውም። በማግስቱም እስከ ምሳ ድረስ ፈዞ ነው የዋለው። ታዲያ አሁን «አንተ ስታካብድ» የሚለኝ ይሄው ልጅ ነው።

የሆነው ነገር ቀላል ነው። የተበላ ሐሺሽ ለመሰማት ከግማሽ ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ይፈጃል፣ ጫፍ ላይ ለመድረስ ደግሞ ከዚያም በላይ። መጀመሪያ በጉበት በኩል ያልፋል። ጉበት አያላላውም፤ ቲ ኤች ሲን 11-ሃይድሮክሲ ቲ ኤች ሲ ወደሚባል ሌላ ዓይነት ይለውጠዋል፣ ያ ደግሞ አንጎል ውስጥ በቀላሉ የሚገባ፣ ኃይለኛ ነገር ነው። ቆይታውም 6፣ 8፣ እስከ 12 ሰዓት ይሄዳል። ጸሐፊው «ይቀላል» ያሉት ምናልባት የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ብቻ አይተው ይሆናል። አለልቱ ላይ የአክስቴም ልጅ እንደዚያው ነበር የመሰለው።

«በ24 ሰዓት እንደ አረቄ ይወጣል።» የደብረ ብርሃንን አረቄ አናስቀይም፣ ግን ማመሳሰሉ ከሥሩ የተሳሳተ ነው። አልኮል ከውሃ ጋር የሚስማማ ነው። ጉበት በየሰዓቱ ተቀራራቢ መጠን እያቃጠለ ያስወግደዋል፤ ማታ የጠጣኸው ባብዛኛው በማግስቱ አልቋል፣ የቀረህ ራስ ምታቱ ነው። ቲ ኤች ሲ ግን የስብ ወዳጅ ነው። ደም ውስጥ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ወደ ስብ ይሸሻል፣ እዚያ ይቀመጣል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ጠብ ጠብ ይላል።

የቅቤ ማሰሮ አስቡ። እናቴ ቤት ኮሰረትና ኮረሪማ ገብቶበት የተነጠረ ቅቤ የሚቀመጥበት አንድ ማሰሮ አለ። ቅቤው ካለቀ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ እጠበው። በዚህ ብርድ ውሃው እንደገባ ይወጣል፣ ቅቤው ግድግዳው ላይ እንደረጋ ይቀራል። ሦስት ጊዜ አለቅልቀህ አፍንጫህን ብታስጠጋ ኮሰረቱ አሁንም አለ። የዘወትር አጫሽ ሰውነት ያ ማሰሮ ነው። አንድ ቀን ብቻ የቀመሰ ሰው ደግሞ ቅቤ የነካው ሳህን ነው፤ እሱ ቶሎ ይጸዳል።

ቁጥር ለሚፈልግ፦ አልፎ አልፎ ለሚወስድ ሰው ሰውነት ውስጥ ካለው ግማሹ ለመውጣት አንድ ቀን ከምናምን ይበቃዋል። በየቀኑ ለሚያጨስ ግን ግማሹ ለመውጣት ከ5 እስከ 13 ቀን ይፈጃል። ግማሹ ነው ያልኩት። አንድ ኩንታል ገብስ ጎተራ ውስጥ ቢኖርህና በየሳምንቱ ካለው ላይ ግማሹን ብትሸጥ፣ በመጀመሪያው ሳምንት 50 ኪሎ፣ በሁለተኛው 25፣ በሦስተኛው 12 ኪሎ ተኩል፣ በወሩ መጨረሻ 6 ኪሎ ገደማ ይቀርሃል። ወር ሙሉ እየሸጥክ ጎተራው ባዶ አይደለም። አሁን ይህን ከ24 ሰዓት ጋር አስተያዩት።

«በምርመራ ከተገኘብህ ገና አልበረደልህም።» ይህን ያመነ አሠሪ አንድን ልጅ ከሥራ ሊያባርር ይችላል፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የሽንት ምርመራው የሚፈልገው የሚያጦዘውን ቲ ኤች ሲ አይደለም። ጉበት ሥራውን ከጨረሰ በኋላ የሚቀረውን ካርቦክሲ ቲ ኤች ሲ የሚባለውን ነው የሚፈልገው። ይሄ አያጦዝም፣ አያፈዝም፣ ምንም አያደርግም። አመድ በለው። አመድ ማየት እሳት እንደነበረ ይነግርሃል፤ ትናንት ይሁን የዛሬ ሦስት ሳምንት ግን አይነግርህም።

የተለመደው ስትሪፕ፣ ማለትም ሽንት ውስጥ የሚነከረው የመመርመሪያ ቁራጭ፣ የተሠራው በሚሊ ሊትር 50 ናኖግራምን መስመር አድርጎ ነው። ከዚያ በላይ ፖዘቲቭ፣ በታች ኔጌቲቭ። በዚህ መስመር አንዴ ብቻ የወሰደ ሰው እስከ 3 ቀን ገደማ ይገኝበታል። በሳምንት ጥቂት ጊዜ የሚወስድ ከ5 እስከ 7 ቀን። በየቀኑ የሚያጨስ ከ10 እስከ 15 ቀን። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የኖረበት ደግሞ 30 ቀንና ከዚያም በላይ። የሰውነት ስብ፣ መጠኑ፣ የቅጠሉ ጥንካሬ ሁሉ ወዲያና ወዲህ ይጎትቱታል። ምራቅ ላይ ሲሆን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ነው። ፀጉር ላይ 90 ቀን ያህል ወደኋላ ይታያል።

አንድ ልጅ መጣ፣ ለሥራ ምርመራ። ሁለት ዓመት በየቀኑ ሲያጨስ ቆይቶ ከተወ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፣ ራሱ ነው የነገረኝ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ስትሪፑን ነክሬ ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት። አምስት ደቂቃ ቆመን ጠበቅን። ሲ ፊደል ያለበት ቦታ ላይ ቀይ መስመር ወጣች። ቲ ያለበት ቦታ ባዶ። ልጁ ፈገግ አለ። «አንድ ብቻ! ደህና ነኝ ማለት ነው አይደል?» ከእርግዝና ምርመራው ጋር አምታቶት ነው፣ እዚያ ሁለት መስመር ነው የሚያስደነግጠው። እዚህ ግልባጩ ነው። ሽንቱ ውስጥ የሚፈለገው ነገር ከሌለ ቲ ላይም መስመር ይወጣል፣ ካለ መስመሯ ትጠፋለች። ስነግረው ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። «ሦስት ሳምንት እኮ ነው» አለ። አመንኩት። ሽንቱም አላስዋሸውም፤ ለእንደሱ ዓይነት ሰው ሦስት ሳምንት ገና ነው። እዚያ ኩባያ ውስጥ ግን የጦዘ ሰው አልነበረም።

እግረ መንገዴን፣ ስትሪፕ ብቻውን ዳኛ አይደለም። በጥርጣሬ ጊዜ ሌላ ረቀቅ ያለ መሣሪያ ያስፈልጋል፣ ያኛው መስመሩን ወደ 15 ናኖግራም ዝቅ አድርጎ የንጥረ ነገሩን ማንነት ለይቶ ያረጋግጣል። ለምሳሌ ኤፋቪሬንዝ የሚባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት፣ እኛ አገር ለዓመታት ብዙ ሰው የወሰደው፣ አንዳንዱን ስትሪፕ አሳስቶ ሐሺሽ ያስመስለዋል። ሐሺሽ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው በዚህ ሊከሰስ ይችላል ማለት ነው። ጽሑፉ ይህን አንድ መስመር ቢጽፍ ኖሮ የቀረውን ግማሹን ይቅር እለው ነበር። አጠገቡ ስለተጨሰ ብቻ ይገኝብኛል ብሎ የሚሰጋ ደግሞ ይረጋጋ፤ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ጭሱ ታፍኖ ካልተቀመጠ በቀር ያን መስመር ማለፍ ከባድ ነው።

«ውሃ፣ ፌጦ በሎሚ፣ ቆላ ወርዶ ማላብ።» ፌጦን እኔም እወዳለሁ። ቤቴ አለ፣ ሆዴን ሲያመኝ እወስዳለሁ። ስብ ውስጥ ገብቶ ቲ ኤች ሲ የሚፍቅ ፌጦ ግን አልተዘራም። ኮሶ ጠጣ የሚሉም አሉ፤ ኮሶ ለኮሶ ትል ነው ወንድሜ።

ውሃው ላይ ደግሞ ስሌቱን ተመልከቱ። ከሰውነት ከሚወጣው ውስጥ ወደ 65 በመቶው የሚወጣው በሰገራ ነው፣ በሽንት የሚወጣው 20 በመቶ አካባቢ ነው። ስለዚህ ውሃ በጠጣህ ቁጥር የምታበዛው ሽንቱን እንጂ የሚወጣውን አይደለም። ሽንቱ ይቀጥናል፣ እውነት ነው። ግን እኛም ዓይን አለን። ውሃ የመሰለ ሽንት ሲመጣ ክሬአቲኒን የሚባለውን፣ ሽንት ውስጥ ዘወትር የሚገኘውን የሰውነት ቆሻሻ፣ እንለካለን፣ በዴሲሊትር ከ20 ሚሊግራም በታች ከሆነ «ቀጥኗል» ተብሎ ይጻፋል፣ ሰውየውም ሌላ ቀን ይመለሳል። የሰው ሽንት ካመጡ ደግሞ ሙቀቱ ያጋልጣል፤ በ4 ደቂቃ ውስጥ ሲለካ ከ32 እስከ 38 ዲግሪ መሆን አለበት። ደብረ ብርሃን ጠዋት ላይ ያ 4 ደቂቃ በጣም አጭር ነው፣ ኩባያውን ተቀብዬ ጓንቴን እስካጠልቅ ይቀዘቅዝብኛል። ሌላው ቀርቶ ውሃን በአንድ ጊዜ በገፍ መጠጣት የደም ጨውን አቅጥኖ ሰው ሊገድል ይችላል፤ ይሄ ማጋነን አይደለም።

ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ማላብ የሚለውን ሳነብ ሳቄ መጣ። ሸዋ ሮቢት ውረዱ፣ ማንጎው ግሩም ነው። በላብ የሚወጣው ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። እንዲያውም ዘወትር የሚያጨሱ ሰዎች ስፖርት ሲሠሩ ስብ ሲቃጠል የተቀመጠው ቲ ኤች ሲ ጥቂት ወደ ደም ተመልሶ ሲወጣ ታይቷል። ለማጽዳት ሮጦ ማስነሳት።

«ሱስ የለውም፣ ስትተወው ምንም አይልህም።» አለው። ከሞከሩት መካከል 9 በመቶ ያህሉ፣ በጉርምስና ከጀመሩት ደግሞ ከ6 አንዱ ገደማ ጥገኛ እንደሚሆኑ ነው በሰፊው የሚጠቀሰው የአሜሪካ ግምት። ብዙው ሰው አይያዝም፣ ይህን አልክድም። የተያዘው ግን ሲተው ያመዋል። ካቆመ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ይጀምራል፣ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ይከፋል፣ ባብዛኛው በሁለት ሦስት ሳምንት ይለቃል። ብስጭት፣ እህል አለመቅመስ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቢተኙም ቁልጭ ያለ ሕልም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መመሪያ በ2013 እ.ኤ.አ. እትሙ ይህን የማቋረጥ ሕመም በስሙ አስፍሮታል። ያ የሦስት ሳምንቱ ልጅ ራሱ «የመጀመሪያዋን ሳምንት እናቴን ስጮህባት ነው የከረምኩት» ብሎኛል።

በሌላ በኩል፣ አንዴ የሳበ ዕድሜ ልኩን አበደ የሚሉትም ልክ አይደሉም። በየቀኑ የሚያጨሱ ሰዎች አንጎል ውስጥ ቲ ኤች ሲን የሚቀበሉት መቀበያዎች ይቀንሳሉ፣ ካቆሙ ከ4 ሳምንት ገደማ በኋላ ግን ባብዛኛው ወደ ቦታቸው ሲመለሱ በምስል ታይቷል። በቤተሰቡ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰውና ገና በጉርምስና ላይ ያለ ልጅ ሂሳባቸው ሌላ ነው፤ እነሱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በሰዓት አይለካም። የምታጠባ እናትም እንዲሁ፤ ቲ ኤች ሲ ካጨሰች ከ6 ቀን በኋላም በጡት ወተት ውስጥ ተገኝቷል። ጽሑፉ ስለ እነዚህ አንድ ቃል የለውም።

«አባቶቻችን ያጨሱት ነበር።» ጣና አካባቢ ላሊበላ ዋሻ በሚባል ቦታ (ከተማው ላሊበላ አይደለም) በቁፋሮ የተገኙ የ14ኛው ክፍለ ዘመን የሸክላ ጋያዎች ላይ የካናቢስ፣ ማለትም የሐሺሽ ተክል፣ ርዝራዥ ተገኝቷል። እውነት ነው። ታዲያስ? አባቶቻችን ኤፍ ኤስ አር ይዘው ጣርማ በርን አልወረዱም፣ የሽንት ምርመራም አልተጠየቁም። ዛሬ ደግሞ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 አለ፣ እሱ ጥንታዊነትን አይጠይቅም።

ያ ለሥራ ምርመራ የመጣው ልጅ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ፣ ባጠቃላይ ስድስተኛ ሳምንቱ ላይ። ጽሑፉን አንብቦት ኖሮ በመሀል ሁለት ቀን ውሃውንም ፌጦውንም ሞክሯል፣ ትርፉ የሌሊት መመላለስ ብቻ እንደነበር ሳቅ እያለ ነገረኝ። ኩባያውን ሰጠኝ፣ መልኩ ደህና ነው፣ ሙቀቱም ደህና ነው። ስትሪፑን ነከርኩ። ሲ ላይ መስመር ወጣች። ቲ ላይ መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ቀስ ብላ አንዲት ፀጉር የምታክል፣ ሐመር ያለች መስመር ብቅ አለች። ልጁ አንገቱን አስግጎ አያት።

«ቀጭን ናት እኮ» አለ።

«ቀጭንም መስመር ናት። ኔጌቲቭ ነህ» አልኩት።

አላመነኝም። መብራቱን አስበርቶኝ እንደገና አያት፣ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳት።